ኦቦ ከድርና የኮርማዎች ሰባት ቤት

ኦቦ ከድር ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ዘይነባ ናት። አሰላ በማስተምርበት ኮሌጅ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ደወለች። «ፅጌ፣ አባባ አረፈ። ዛሬ ጠዋት ቀበርነው» አለችኝ። ድምጿ ደህና ነበር። «ምን አግኝቷቸው?» ስላት፣ «ምንም። ጎረቤት አዲስ ኮርማ ገዝቶ አመጣና ና እየው አለው። ሄዶ ዞሮ ዞሮ አየውና ‹እናቱ የማን ናት?› ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሳይሰማ እዚያው አጥሩን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ በቃ» አለች።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያመለጠኝ ሳቅ ነው። ዘይነባም ሳቀች። ከዚያ ስልኩን ሳንዘጋ ሁለታችንም አለቀስን። ኦቦ ከድር ሌላ ምን ብለው ሊሞቱ ይችሉ ነበር? እኔ ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ከዚያ የከበደ ጥያቄ አልነበራቸውም።

በማግስቱ ወደ ሁሩታ ተነሳሁ። እውነቱን ልናገርና የሄድኩት ለቅሶ ለመድረስ ብቻ አልነበረም። ለዓመታት አፌን ዘግቼ የያዝኩት አንድ ነገር ነበረኝ። በእኔ ጥፋት የኦቦ ከድር የሙያ ስም ጎድፎ ነበር። በሕይወት ሳሉ እንዳልናገር የከለከሉኝ ራሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን ከልካይ የለኝም፣ በሐዘንተኛው ፊት ቆሜ ስማቸውን አጠራለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩት ግን አይገባም።

ኦቦ ከድርን ያወቅኳቸው ከሁሩታ ወደ ደጋው ሲወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ የአርሲን ከብት ለሥጋ ለማሻሻል በተቋቋመ ትንሽ ፕሮጀክት ውስጥ ስንሠራ ነው። ዛሬ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ ስሙንም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። እኔ የዲግሪዬ ቀለም ያልደረቀ የእርባታ ባለሙያ ነበርኩ። እሳቸው ደግሞ ኮርማ ቀጥቃጭ ነበሩ። ቡርዲዞ የሚባለውን፣ እጀታው ረጅም የሆነውን ትልቅ ጉጠት በዱቄት ጆንያ ጠቅልለው፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከመንደር መንደር ይዞራሉ። ቡርዲዞ ቆዳ አይቀድም፣ ደም አያፈስም። የኮርማውን የዘር ጅማት ከላይ ጨፍልቆ ሰንጋ ያደርገዋል።

በሁሩታ ገበያ ጆንያቸውን ይዘው ሲያልፉ ወንዶቹ ለቀልድ እግራቸውን ያነባብሩ ነበር። እሳቸው ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች ያዩአቸውና፣ «አትፍራ፣ ያንተን ዘር ገና ቆጥሬ አልጨረስኩም» ይላሉ። ገበያው ይስቃል፣ እሳቸው አይስቁም። ሲቀልዱ ፊታቸው ላይ ምንም የማይታይባቸው ሰው ነበሩ፤ እኔም ቀልዳቸውን ከቁም ነገራቸው ለመለየት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዘር መቁጠራቸው ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ኮርማ ተጥሎ፣ አራት ጎልማሶች በገመድ ጠፍረው ይዘውት፣ ባለቤቱ «ቶሎ በለው እንጂ!» እያለ ሲጮህ፣ ኦቦ ከድር ቡርዲዞውን መሬት ላይ አጋድመው ይቀመጡና ይጠይቃሉ። «እናቱ የማን ናት? የእናቷ እናትስ? ከየት መጣች? አባቱን ታውቀዋለህ ወይስ ጎረቤት ነው ትላለህ?» ባለቤቱ እያጉረመረመ ይመልሳል። ሦስት ትውልድ ሳይሞላ ሥራ አይጀምሩም። አንዳንዴ ጨርሰው ሲሰሙ ይነሱና «ይሄን ፍቱት። ይሄ ከተቀጠቀጠ በዚህ መንደር የእናቱ ወገን ኮርማ የለውም» ይላሉ። እኔ ዝርዝሬን ይዤ ቆሜ እናደዳለሁ። «ባለወረቀቷ ተቆጣች» ይሉኛል። ያንን ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ቀበሌው ሁሉ ይጠራኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ወግ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ዓይኔን የገለጠው አንድ የጋብቻ ሽምግልና ነው። ኦቦ ከድር የሰውንም ዘር ስለሚያውቁ ልጅ የሚድር ሁሉ ያስጠራቸዋል። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ የሚድሩ ሰዎች መንገድ ላይ ያዟቸውና እሳቸው እኔንም ይዘውኝ ገቡ። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ሲቆጥሩ ዋሉ። በመጨረሻ በእናት በኩል ሁለቱ ቤቶች ከፍ ባለ አያት ላይ ሲገናኙ ተገኘ። ጋብቻው ቀረ። ማንም አላኮረፈም፤ ተመራርቀው ተነሱ። ለእኔም እንግዳ ነገር አልነበረም፣ የእኔም አባት ታጭቼ ሳለ ሰባት ቤት ሲቆጥር ሳምንት ፈጅቷል።

ከቤት ስንወጣ በረቱ አጠገብ ኮርማና ጊደር ታስረዋል። ኦቦ ከድር ቆሙ። «ይቺ ጊደር የማን ናት?» አሉ። ባለቤቱ፣ ያው ልጁን ለመዳር ሲቆጥር የዋለው ሰውዬ፣ በኩራት «የራሴ ናት። አባቷም ይኸው ኮርማዬ ነው። ዛሬ ደርሳ ነው ያሰርኳት» አለ።

ኦቦ ከድር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ወላሂ፣ ቀኑን ሙሉ ሰባተኛ አያት ስትፈልጉ ዋላችሁ። እዚህ ደጃፍ ላይ አባት ልጁን ሊያገባ ታስሯል። ለልጃችሁ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ፣ ለጊደራችሁ አንድ ቤት እንኳ አትቆጥሩም?»

ሰውዬው ደንግጦ ጊደሯን ፈታት። እኔ ግን የደነገጥኩት በሌላ ነው። በዝምድና የተዳቀለ መንጋ ተደብቆ የኖረ ድክመቱ እንደሚወጣ፣ የአንድ ዝርያ ጉልበቱ ውስጡ ባለው የዘር ስብጥር እንደሆነ፣ ክፍል ውስጥ ተምሬ በፈተና ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። ኦቦ ከድር ያንኑ ትምህርት በሰው ቤት ደጃፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ ጨርሰውት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸውን ደብተሬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

መጻፍ ጀመርኩ እንጂ መስማት ጀመርኩ አላልኩም።

የአርሲ ከብት አጭር ነው፣ ሻኛው ትንሽ ነው፣ የሚበላውም ትንሽ ነው፤ ብርዱን፣ ጭቃውንና የመኖ እጥረቱን ግን ይችላል። መልኩም ብዙ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡሬ፣ ዳልቻ። ከአዳማ የሚመጣ ነጋዴ ደግሞ ለበዓል ቀይና ደረተ ሰፊ ሰንጋ ይወዳል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ አንድ ቀይ ኮርማ መረጠ። ገበሬዎቹ «ጄኔራል» አሉት። ሲራመድ መንገዱ በእሱ ስም የተመራ ይመስል ነበር። ሜትሬን ይዤ ደረቱን የለካሁት፣ ኮሚቴው ፊት ቆሜ የተሟገትኩለት እኔ ነኝ። ልጆቹም አባታቸውን መሰሉ። የገበሬዎቹ ማህበር ሊቀመንበር ኦቦ በሪሶ የጄኔራልን የመጀመሪያ ወይፈን ሸጦ በተመለሰ ቀን ሁሩታ ላይ ሻይ የጋበዘን ለእኔ ክብር ብሎ ነበር። ያን ጊዜ መሬት አልረገጥኩም።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። ከጄኔራልና ከልጆቹ በቀር በቀበሌው ያለ ኮርማ ሁሉ ይቀጥቀጥ። ዝርዝሩን አዘጋጅቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ሥራው ሊጀመር ሲል ኦቦ ከድር ሻይ ቤት አስቀመጡኝና ከባለቤቱ አንድ እፍኝ የጠርሙስ ቆርኪ ለመኑ። ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ይሄ የእገሌ ኮርማ ነው፣ ይሄ የእገሌ እያሉ በዝርዝሬ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሱ። የጄኔራልና የልጆቹ ቆርኪዎች ቀሩ። ከእነሱ ራቅ ብሎ አንድ ብቻ አለ።

«ይሄ የአዴ ፋጡማ ዳልቻ ነው» አሉ። «ከወንድሟ ቤት፣ ከጎበሳ ነው የመጣው። በዚህ ቀበሌ አንድም ዘመድ የለውም። ሌሎቹን ውሰጃቸው፣ ብዙዎቹ ተዛምደዋል፣ እሺ። ይሄን ግን ካነሳሽ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሁሉ የአንድ አባት ቤት ነው።»

«ጄኔራል እኮ ምርጥ ነው፣ ኦቦ ከድር።»

«ምርጥ ነው። አባቴም ምርጥ ነበር፤ እህቴን ግን አላገባሁም።»

«የእናንተ ቤት ራሱ በአንድ ምሰሶ አይደለም የሚቆመው?» አልኳቸው፣ ተራቅቄ።

«ኤዬ፣ በአንድ ምሰሶ ይቆማል። ምስጥ የገባ ቀን ግን ማታ ተኝተሽ ጠዋት ጣራው እላይሽ ላይ ነው» አሉና የዳልቻን ቆርኪ ኪሳቸው ከተቱት። እኔ ዳልቻን ከዝርዝሩ አላወጣሁትም። ካወጣሁት ሌላው ገበሬ ሁሉ «የእኔስ?» ይላል ብዬ ፈራሁ። ኃላፊያችንንም ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጄኔራል የእኔ ምርጫ ነበር።

አዴ ፋጡማ ባሏ የሞተባት፣ በቀበሌው ጫፍ ላይ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። የደረስን ዕለት ዳልቻ በገመድ ተጠልፎ ተጋድሟል። አጭር፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ፣ ግራጫ፣ ለዓይን የማይሞላ ኮርማ ነበር። ገመዱን የያዙት ሁለት ጎልማሶች ከፊት በኩል አንገቱን ተጭነው ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ከኋላ እኔ፣ ኦቦ ከድርና አዴ ፋጡማ ብቻ ነን። ኦቦ ከድር ቡርዲዞውን ከጆንያው አወጡና፣ ሳይከፍቱት እጃቸው ላይ ይዘው ቆሙ።

«ይሄን አልቀጠቅጥም፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከትእዛዙ ወዲህ አልሠራም ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

እዚህ ላይ ያልኩትን ብደብቀው ደስ ይለኝ ነበር። «ኦቦ ከድር፣ እርስዎ የተቀጠሩት ለመቀጥቀጥ ነው፣ ለመምረጥ አይደለም» አልኳቸው። የአባቴ ታላቅ የሚሆኑ ሰው፣ በሰው ግቢ፣ በሴት ፊት። አዴ ፋጡማ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው» አሉ። ቡርዲዞውን ዘረጉልኝ። «እንግዲያው የመረጠ ይቀጥቅጥ።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። እልህ ያዘኝና ተቀበልኩ። ተንበረከክሁ። እሳቸው ሲያደርጉ እንዳየሁት ጅማቱን በአውራ ጣቴ ፈልጌ ወደ ዳር ገፋሁት፣ የብረቱን አፍ ገጠምኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በሙሉ ጉልበቴ ዘጋሁት። ዳልቻ ተወራጨ። እሳቸው ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያልኩ እስከ አስር ቆጠርኩ። በሌላው በኩልም ደገምኩት። ቀና ስል ኦቦ ከድር ጎንበስ ብለው፣ ቡርዲዞው የነከሰበትን ቦታ በትኩረት ያያሉ።

«ጨርሰሻል» አሉኝ። «ፍቱት።»

ቅጹ ላይ «የፈጸመው ባለሙያ» በሚለው ቦታ እንደ ሌሎቹ ኮርማዎች ሁሉ ስማቸውን ጻፍኩ። የእኔን ስም ለምን አልጻፍኩም? ለእኔ መቀጥቀጥ አይፈቀድልኝም ነበርና ነው። ከወር ተኩል በኋላ ተመልሶ መፈተሽ ደንብ ነው። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ተቀምጬ የዳልቻ ስም ላይ «ተረጋግጧል» ብዬ ምልክት አደረግሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ከቀያዮቹ ላሞች ግራጫ ጥጃ ይወለድ ጀመር። አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ በላይኛው መንደር ዳልቻ ያልተወለደበት በረት ጠፋ። ወሬው የደረሰኝ ዕለት ነገሩ ገባኝ። ጅማቱ ከጣቴ ሥር አምልጦኝ ብረቱ ቆዳውን ብቻ ነበር የነከሰው። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ነው። ዓይኔን ባልጨፍን ኖሮ አየው ነበር።

ቀበሌው ግን ማን እንደሳተ አልተጠራጠረም። ቅጹ ላይ ያለው ስም የኦቦ ከድር ነው። ኃላፊያችን ከነኦቦ በሪሶ ጋር ስብሰባ ጠራ። ኦቦ በሪሶ፣ «ከድር አርጅቷል። እጁ ሳተ። እንዲህ ያለ ሰው ኮርማችንን አይነካም» አለ። በዚያ ሙያ ላይ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ኦቦ ከድር ከመስክ ሥራ ተነስተው የመኖ መጋዘን ጠባቂ እንዲሆኑ ተወሰነ። ምን ይላሉ ተብለው ሲጠየቁ ተነሱና፣ «እጅ ይስታል» ብለው ተቀመጡ። የማን እጅ እንደሆነ አልተናገሩም። እኔ እዚያው ነበርኩ። እስክሪብቶዬን ይዤ፣ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ።

ዳልቻ እንደገና ይቀጥቀጥ ተብሎ ሰው ሲላክ አዴ ፋጡማ በሯ ላይ ቆማ፣ «የለም። ዘመድ ሊጠይቅ ጎበሳ ሄዷል» አለች። እውነትም ወንድሟ ቤት ነበር። ማን እንደመከራት ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ከሳምንት በኋላ መጋዘኑ ሄድኩ። ኦቦ ከድር የፉርሽካ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሬድዮ ይሰማሉ። «ነገ ለኃላፊው እናገራለሁ። የሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አለቀስኩም መሰለኝ።

ሬድዮውን ዘጉት። «ብትናገሪ ምን ይሆናል? አንቺ ትባረሪያለሽ። አዲስ ባለወረቀት ይመጣል። እሱ ደግሞ ግራጫዎቹን ጥጆች ሁሉ ያስቀጠቅጣል። አንቺ ግን አሁን ታውቂያለሽ፤ የሚያውቅ ሰው እዚህ ይቆይ» አሉኝ። «እኔ ገና ያን ዕለት አይቼዋለሁ። ቆዳውን ብቻ ነው የያዝሽው።»

«ታዲያ ጨርሰሻል ያሉኝ ለምንድን ነው?»

«ለእኔ ጨርሰሽ ነበራ!» አሉ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ። ቀጠሉና፣ «እጅሽ ደህና ነው። የሳተው አፍሽ ነው። አፍ ደግሞ ይታረማል። እኔ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፣ በሕይወት እያለሁ ይሄን ነገር አታንሺው። የዳነ ቁስል አይታከክም» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደቀለለኝ እሳቸው ሳያውቁ አይቀሩም።

ሰው መልአክ አደረገቻቸው እንዳይለኝ፣ ኦቦ ከድር የሚሳሳቱበትም ነበር። እርጉዝ ላም ጅብ ካየች ቡሬ ትወልዳለች ብለው በሙሉ ልብ ያምኑ ነበር። ሰው ሠራሽ ማዳቀልን «የጓንት ጋብቻ» ይሉታል፤ በፊታቸው አይነሳም። ስከራከራቸው፣ «እኔ ጅብ አመንኩ፣ አንቺ ጄኔራል አመንሽ፤ ማን ይሻላል?» ብለው አፌን ያስይዙኛል። ምስጋናም ይሰስቱ ነበር። ከእሳቸው አፍ የወጣ ትልቁ ሙገሳ «መጥፎ አይደለም» ነው።

የፈሩት ደረሰ። የጄኔራል ወንዶች ልጆች ከጄኔራል ሴቶች ልጆች ጋር መገናኘት ሲጀምሩ መጀመሪያ ላሞቹ እምቢ አሉ፤ ደጋግመው ኮርማ ይፈልጋሉ፣ ፅንስ ግን አይዙም። የያዙትም የሚወልዱት ጥጃ ትንሽ፣ እግሩ የደከመ፣ ለመቆም ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሆነ። ደጋፊ ሰው ካላገኘ ጡት ሳይደርስ የሚሞተው በዛ። መኖው ያው፣ ክትባቱ ያው፣ ሜዳው ያው ነው። በላይኛው መንደር ግን ግራጫዎቹ እናታቸው ልሳ ሳትጨርስ ተነስተው ይጠባሉ። ለማየት የሚፈልግ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሁለቱንም በረት ማየት ይችል ነበር። ያን ሰሞን ደብተሬን ይዤ በየበረቱ ስዞር፣ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነገር ሁሉ በአራት እግሩ እየተውተረተረ ፊቴ ቆሞ አየሁት። የእኔ ምርጫ ነበር። አፈርኩ።

ፕሮጀክቱ ጊዜው አልቆ ሲዘጋ፣ ኦቦ በሪሶ ራሱ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ኦቦ ከድርን አመጣቸው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ «ና ቁጠርልን» ነው ያለው። እሳቸውም ጆንያቸውን አንስተው ወጡ። የዳልቻ ወይፈኖች እንዳይቀጠቀጡ አደረጉ። ከዚያ ደግሞ ነገሩን ከፍ አደረጉት። ከጎበሳ ሰዎችና ከሌሎች ሁለት ቀበሌዎች ጋር በሁሩታ ገበያ ቀን እየተቀመጡ፣ እንደ ጋብቻ ሽማግሌ፣ ኮርማ ያጋቡ ጀመር። የዚህ ቀበሌ ኮርማ ወደዚያ ይሄዳል፣ የዚያው ወደዚህ ይመጣል፤ ሴት ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊትም ወደ ሌላ ይዛወራል። ከመሄዱ በፊት እናቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ ይቆጠራሉ። ኮርማ የተለዋወጡ ሰዎች እርስ በርስ «አማቼ» ይባባላሉ፤ በዓል ሲሆን ይጠያየቃሉ። መጀመሪያ የሳቀባቸው ሁሉ በኋላ ወንበር እየያዘ ይጠብቃቸው ነበር። እኔ በአጠገባቸው ተቀምጬ እጽፋለሁ። አሰላ ገብቼ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላም ተማሪዎቼን ይዤ እየሄድኩ ያንን ቆጠራ አሳያቸዋለሁ። ስለ ዳልቻ ግን ቃሌን ጠብቄ አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። የጠበቅኩት ለቃሌ ብዬ ይሁን ለራሴ ክብር፣ ልዩነቱን ላለማየት እየሸሸሁ ኖርኩ።

ሐዘን ቤት የደረስኩት ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፤ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎበሳ የመጡ «አማቾች» ነበሩ። ዘይነባ አቅፋ ተቀበለችኝና አዴ ፋጡማ አጠገብ አስቀመጠችኝ። አዴ ፋጡማ አርጅታለች፤ እጄን ይዛ ሳመችው። ያን ዕለት ከእኔና ከኦቦ ከድር ሌላ የሆነውን ያየች እሷ ብቻ ናት።

ዱዓው አልቆ ሰው ጨዋታ ሲጀምር ተነሳሁ። «ስለ ኦቦ ከድር የምናገረው አንድ ነገር አለኝ» አልኩ። «ዳልቻ የተቀጠቀጠ ዕለት...»

«አረ ተይ ፅጌ! እሱን ለእኔ ተይው!» ያለው ኦቦ በሪሶ ነው። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። ሳቁ ገና ከመጀመሩ አፉን ሞልቶታል። «እንግዶች ስሙ! ይቺ ባለወረቀቷ ናት። ያን ጊዜ ጄኔራል ጄኔራል የምትል፣ እኛንም ያሳበደች። ከድር ዳልቻን ቀጥቅጥ ተባለ። እምቢ ቢል ሌላ ሰው ይቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ምን አደረገ መሰላችሁ? እሺ አለ! ተንበረከከ! ቡርዲዞውን ቆዳው ላይ ብቻ ገጠመ። ጅማቱን ወዲያ፣ ብረቱን ወዲህ! ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለ ቆጠረ። እሷ አጠገቡ ቆማ ‹ተፈጽሟል› ብላ ጻፈች!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። የጎበሳዎቹ ጭናቸውን መቱ። የኦቦ ከድር የልጅ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ፤ እንደሚታየው ታሪኩን ደጋግመው የሰሙት ናቸው፣ የሚስቁበትን ቦታ ቀድመው ያውቃሉ።

«እኔ ደግሞ ሞኙ እጁ ሳተ ብዬ ሰደብኩት» ቀጠለ ኦቦ በሪሶ፤ አሁን ድምፁ ተሰበረ። «እሱ እጁ ስቶ አያውቅም። ለከብታችን ዘር ሲል ስሙን ሰጠ። መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፣ አንድ ቃል አልተናገረም። ዛሬ እዚህ ቀበሌ የሚቆም ጥጃ ሁሉ የከድር ነው። ይሄን ለልጆቻችን ነግረናል፣ የልጆቻችንም ልጆች ይናገሩታል።»

እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። አጠራዋለሁ ብዬ የመጣሁት ስም እኔ ሳልኖር ጠርቶ፣ አብቦ ጠበቀኝ። አሁን እውነቱን ብናገር ይህን ስም የምወስደው ከማን ነው? ጅማቱን የሳተችው የእኔ እጅ ናት፤ በሙሉ ዓይናቸው አይተው «ፍቱት» ያሉት ግን እሳቸው ናቸው። አንዴ ለራሴ ፈርቼ ዝም ብያለሁ፤ ያንን ዝምታ ዕድሜዬን ሙሉ እጸየፈዋለሁ። ወደ አዴ ፋጡማ ዞር ብዬ አየኋት። ሻሿን አስተካከለች። ዓይኗን ከዓይኔ ሳታነሳ፣ ቀስ ብላ፣ «ተይው» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ውሸቴን ነው እንዴ ፅጌ?» አለ ኦቦ በሪሶ። «እዚያው ነበርሽ። አላታለለሽም?»

«አታለሉኝ» አልኩ። «ዓይኔ እያየ ነው ያታለሉኝ።»

ዘይነባ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፤ እኔም ተቀመጥኩ።